የባባ ዞንዲ ስም እስኪያልቅ

በየሸለቆው «ማን ነህ?» ተብሎ መጠየቅ የሌለበት አንድ ሰው አለ። «በእኛ አገር የለም» የሚል ቢኖር አገሩን በቅጡ አልዞረውም። ሌላው ሰው ስሙን ሲጠየቅ ስሙን ይናገራል። ይህኛው ግን ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ባርኔጣውን ያቃናል፤ ከመቀመጫው ይነሳል። ያን ጊዜ ጠያቂው ምድጃ ላይ የጣደው ነገር ካለ አስቀድሞ ቢያወጣ ይበጀዋል።

በእኛ በቱኬላ ወንዝ ዳር ይህ ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የክቡር ባባ ማንድላካዪሴ ዞንዲ ነው። ጎረቤቴ ናቸው። አጥራችን አንድ ስለሆነ ማንነታቸውን ከቄሱም ከጎሳው አለቃም አብልጬ አውቃለሁ። ፈልጌ አይደለም ያወቅሁት። ልብስ ሳጥብ ሰምቻለሁ፤ በቆሎ ስፈለፍል ሰምቻለሁ፤ ራስ ምታት ጥሎኝ ነጠላ ተከናንቤ ተኝቼም ሰምቻለሁ።

ባባ ዞንዲ ማስካንዲ የሚባለው የአገራችን ዘፈን ጊታረኛ ናቸው። በረባሶ ተጫምተው፣ የጊታሩን አንገት፣ ድምፁ እንዲቀጥን፣ በእርሳስ ቁራጭና በጎማ ላስቲክ ጠፍንገው ይቆማሉ። እንደ ደንቡ መጀመሪያ ክሮቹን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ያስሮጧቸዋል፤ ይህ ጊታሩ መቃኘቱን፣ ጣቶቹም አለመዛጋቸውን ለሕዝብ ማስታወቂያ ነው። ከዚያ ይዘፈናል። ከዚያ ደግሞ በዘፈኑ መካከል ጊታሩ ብቻውን ሲጋልብ ጊታረኛው ራሱን ያወድሳል፦ ከየት እንደ መጣ፣ የማን ወገን፣ የማን ልጅ እንደሆነ እንደ ፈንዲሻ እየተንጣጣ ይናገራል። ሌላው ጊታረኛ ይህን ባንድ ትንፋሽ ይገላገለዋል። ባባ ዞንዲ ግን፦

«ባንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ሰው፣ ሰው ነው ወይ?» ይላሉ።

በእሳቸው ውዳሴ መጀመሪያ ጎሳው ይመጣል። ከዚያ የጎሳው አለቃ። ከዚያ ተራራው። ከዚያ ወንዙ ከነድልድዩ፤ ከዚያ ደግሞ ጎርፍ የወሰደው የድሮው ድልድይ፣ እሱ ምን በደለና ይዘለላል! ከዚያ ቀዩ በሬ። ከዚያ የእናታቸው ወገን። በመጨረሻም፣ የቆመው ሰው ተቀምጦ፣ የተቀመጠው እንቅልፍ ወስዶት ሲያበቃ፣ የአባታቸው ስም።

«አባትዎን አስቀድመው ቢጠሯቸውስ?» ብዬ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ጠይቄያቸው ነበር። በሐዘኔታ አዩኝ።

«ማምባታ፣ ትልቅ ሰው ሲመጣ መንገዱ ይጠረጋል ወይስ አይጠረግም?»

«ይጠረጋል።»

«እኔ የምጠርገው ያንን ነው።»

ሐኪም ቤት የሆነውን ሸለቆው ሁሉ ያውቀዋል። ደረቅ ሳል ይዟቸው ሄደው፣ ካርድ የምታወጣው ልጅ ቀና ሳትል «ስም?» አለቻቸው። ምስኪን፣ ለቦታው አዲስ ነበረች። ባባ ዞንዲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ተራራው ላይ ሲደርሱ ሳሉ ተዋቸው። ወንዙን ሲሻገሩ ከኋላቸው የተሰለፉት በሽተኞች ማጨብጨብ ጀመሩ። ሐኪሙ ወጥቶ «ማነው የሚያመው?» ቢል አንድም ሰው እጁን አላወጣም ይባላል። እዚህ ላይ ትንሽ ተጨምሮበታል፤ ጭብጨባውን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የትራፊክ ፖሊሱም አለ። ያችን የዛገች ፒክአፕ መኪናቸውን አስቁሞ «ማን ነዎት?» ሲል ተሳሳተ። የጎሳው አለቃ ላይ ሲደርሱ «ይሂዱ ባባ፣ ይሂዱ» ብሎ ሸኛቸው። ጥቂት እንደሄዱ መኪናዋ ቆመች፤ እየተንገራገጨች ወደ ኋላ መጣች፤ ባባ ዞንዲ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ በሬው ቀርቶኛል።»

በካሴት ዘመን ከደርባን አንድ የሙዚቃ ነጋዴ መጥቶ ነበር። ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የቀረበለትን የማሽላ ጠላ እየጠጣ ሲያዳምጥ ቆየና «ጣትዎ ወርቅ ነው፤ ይህን ወሬ ግን ያሳጥሩልኝ» አላቸው። ወሬ! ባባ ዞንዲ ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደግፈው «ኮርማ አንገቱ ረዘመ ተብሎ አይቆረጥም» አሉት፤ ጠላውን ግን አልነጠቁትም፤ እንግዳ ነውና። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማንም ሎሌ አይደሉም። የገዛ ጎጇቸውን ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ በተዋሱት መቅረጫ ራሳቸው ቀረጹ፤ ታክሲ ተራ ቆመው ራሳቸው ሸጡ። በመጀመሪያው ካሴት ላይ፣ ልክ ተራራው በሚወደስበት ቦታ፣ ፍየላቸው «ሜኤ!» ትላለች። ባባ ዞንዲ በኀፍረት ሊሞቱ ደረሱ፤ ደግመው ያለ ፍየል ቀረጹ። ገዢዎች አዲሱን ካሴት እየያዙ ተመለሱ።

«ባባ፣ ይሄ አስመስሎ የተሠራ ነው።»

«እንዴት አስመስሎ? እኔው ነኝ የዘፈንኩት!»

«ታዲያ ፍየሏስ?»

በሦስተኛው ቅጂ ፍየሏ ተመልሳ ገባች። በውዳሴው ውስጥም ከበሬው ቀጥሎ ቦታ ተሰጣት፤ በዚህ መንገድ ማንነታቸው በየዓመቱ ይረዝም ነበር።

አሁን ስለ ማድላድላ ልናገር። ማድላድላ የባባ ዞንዲ ባለቤት ናት፤ የእኔም የልብ ጓደኛ። ባሏን በጎሳቸው የክብር ስም «ኖንዳባ» ብላ ትጠራለች። ከሟች ወንድማቸው ሚስት ከማክሆዛ ጋር ሆና የባሏን ዘፈን የምትቀበል እሷ ናት። ድምፅዋ ወንዝ ማዶ ያለ ከብት ይመልሳል። ሁለቱም ወደ ዞንዲ ቤት በጋብቻ የመጡ ናቸውና፣ በአገራችን ደንብ የአማታቸውን ስም በአፋቸው አይጠሩም። ስሙን ብቻ ቢሆን በቀለለ! ስሙን የሚመስለውንም ቃል አይጠሩም፤ በምትኩ ሌላ ቃል ያበጃሉ። ክብር ነው፤ ቁም ነገር ነው፤ በጥልቁ ካሰቡትም የምላስ ስፖርት ነው።

እኔ የዞንዲ ምራት አይደለሁምና ስሙን ልንገራችሁ፦ ማንዞልዋንድሌ። የባሕር ውሃ ማለት ነው።

እንግዲህ አስቡት። እነዚህ ሁለት ሴቶች ያንን ግቢ ከረገጡ ጀምሮ «ውሃ» ብለው አያውቁም። ይቀዱታል፣ ያፈሉታል፣ ይታጠቡበታል፤ አይጠሩትም። በእነሱ ቤት ውሃ «ርጥቡ» ነው። ባሕር ደግሞ «ማዶ የሌለው»።

«ማክሆዛ፣ ርጥቡ ፈላልሽ?»

«ኧረ ገና ነው! ዛሬ ርጥቡም እንጨቱም ዐምፀውብኛል።»

አንድ ጊዜ ቧንቧ ሊዘረጋ የመጣ ከተማ ያደገ ሰውዬ ሴቶቹን ሰብስቦ «እናቶች፣ ውሃ ትፈልጋላችሁ ወይስ አትፈልጉም?» አለ። ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው «እኛስ የምንፈልገው ርጥቡን ነው» አሉት። ጠላ የጠየቁት መስሎት ተቆጥቶ ሊሄድ ሲል እኔ በሩጫ ተከትዬ ተረጎምኩለት። ቧንቧው አሁን ድረስ ይሠራል፤ «የማምባታ ርጥብ» ብለው ይጠሩታል።

«ውሃ ወረደ» የሚለው ዘፈናቸውም በዚሁ ምክንያት ነው ስሙ የተቀየረው። ባባ ዞንዲ «ውሃ ወረደ!» ይላሉ፤ ሁለቱ ሴቶች «ርጥቡ ወረደ!» ብለው ይቀበላሉ። አገር ዛሬ ዘፈኑን የሚያውቀው «ርጥቡ» ብሎ ነው።

ታዲያ ባባ ዞንዲ አንድ ምኞት ነበራቸው። አንዲት ብቻ። በየዓመቱ ደርባን ላይ የጊታረኞች ውድድር ይደረጋል፤ በሬድዮ በቀጥታ ይተላለፋል፤ ከባሕሩ ዳር እስከ ጆሃንስበርግ የሠራተኛ ማደሪያዎች ድረስ ሰው ሥራውን ጥሎ ይሰማዋል። ለእያንዳንዱ ጊታረኛ የአንድ ዘፈን ጊዜ ይሰጠዋል። ጊዜው ሲያልቅ ደወል ይመታል፤ ደወል የመታበት ወጥቶ ይሄዳል። ባባ ዞንዲ አምናም ካቻምናም ከዚያ በፊትም የሄዱበት፣ ደወሉም ሳይሰለቸው የመታባቸው ውድድር ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ደወሉ ተራራው ግርጌ ያዛቸው። በሚቀጥለው ተራራውን ወጡት። እኛ እዚህ ሸለቆው ውስጥ ሬድዮኑን ከብበን ነው የምንከታተላቸው፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው በአጥር ይጠይቃል፦

«የት ደረሱ?»

«ድልድዩ ላይ ናቸው!»

«የትኛው ድልድይ?»

«ጎርፍ የወሰደው!»

«ወየው፣ ገና ናቸዋ!»

ደወሉ ይመታል። በማግሥቱ ባባ ዞንዲ እንደ ድል አድራጊ ደረታቸውን ነፍተው ከአውቶቡስ ይወርዳሉ። «ዘንድሮ በሬውን አሰማርቼዋለሁ» ይላሉ። አባታቸው ጋር ግን ደርሰው አያውቁም።

እኔም ከሌላው ጋር እስቅ ነበር። አንድ ቀን አጥሩን አብረን ስንጠግን ነው የነገሩኝ፤ ሽቦ እያጠበቁ፣ ፊታቸውን ወደ ሽቦው አድርገው። ማንዞልዋንድሌ ዕድሜያቸውን ጆሃንስበርግ የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ የጨረሱ ሰው ነበሩ። እዚያ «ስምህ ይረዝማል» ተብለው «ጂም» ተባሉ። ከእሳቸው በፊት በዚያ አልጋ የተኛው ሰው ጂም ነበር፤ ከእሳቸው በኋላ የመጣውም ጂም ሆነ። ወደ ቤት ሲመጡ ደግሞ ልጆቹ «ባባ» ይሏቸዋል፤ ምራቶቹ በክብር አይጠሯቸውም። ሰውየው ስማቸውን ሳይሰሙ ኖሩ፤ ሳይሰሙም ሞቱ።

«ማምባታ» አሉኝ ባባ ዞንዲ፣ «ያ ሬድዮ እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ሳይቀር ይሰማል። አንድ ቀን እዚያ እንዲሰማ ነው የምፈልገው። ሙሉው ስም።»

ከዚያ በኋላ እንኳ አልሳቅሁም ብል ውሸት ነው፤ ግን ሬድዮኑን የምጠጋው ከሌላው ይበልጥ ሆነ።

ዘንድሮ፣ ውድድሩ ሊደርስ ሲል፣ የሬድዮዋ አስተዋዋቂ ሲስ ፊኪሌ ስልክ ደወለች። ድምፅዋ ማር የመሰለ፣ ቃሏ ግን አጭር ነው።

«ባባ ዞንዲ፣ እኔ እንደምወድዎት ያውቃሉ። አለቆቼ ግን ተማረዋል። ዘንድሮም ደወሉ ከያዘዎት ለከርሞ በሩ ይዘጋል።»

«እሺ ልጄ። ማን መሆኔን ለአለቆችሽ ነግረሻቸዋል?»

«ባባ፣ እባክዎ!»

በዚያው ከሰዓት የዞንዲ ቤት ሸንጎ በማንጎው ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ባባ ዞንዲ ጊታራቸውን ታቅፈው፣ ሁለቱ ሴቶች ባቄላ እየለቀሙ፣ እኔ ደግሞ እንደ ጎረቤት ታዛቢ።

«ተራራውን ተወው» አለች ማድላድላ።

«ትቼው የት ይሂድ?»

«ወንዙንስ?»

«ወንዙን ትቼ በምን ልሻገር?»

«እንግዲያው አለቃውን።»

«ሬድዮ አለው፤ ይሰማኛል።»

«የሞተው በሬስ፣ ኖንዳባ? በሬው ሞቷል እኮ!»

«የሞተ አይከዳም።»

ማድላድላ ባቄላውን ሰፌዱ ላይ ወረወረችው። «እንግዲያው ዘፈኑን ተወዋ!»

ባባ ዞንዲ ይህንን ለረጅም ጊዜ አሰቡበት። እውነቴን ነው፤ በጣም አሰቡበት።

ማክሆዛ ቀስ ብላ «የእሳቸውን ስም ብቻ ቢጠሩስ? ሌላውን ሁሉ ትተው?» አለች። «የእሳቸውን» ስትል በአገጯ ወደ ሰማይ ጠቆመች።

«ያለ ተራራ? ያለ ወንዝ? አባቴ ከሰማይ ዱብ ያለ ነው?» ባባ ዞንዲ ጊታሩን ከጭናቸው ላይ አወረዱት። «ግማሽ መንገድ ጠርጌ ደወል ከሚመታብኝ ባልጠርገው ይሻላል። ዘፈኑን ብቻ እዘፍናለሁ። ውዳሴ የለም።»

ሁለቱ ሴቶች ወደ ሰፌዳቸው ተመለሱ። ባቄላ ብቻ ይለቀም ነበር። እኔ እንኳ፣ ያ ውዳሴ ጸጥ እንዲልልኝ ስንት ጊዜ የጸለይኩት ሴት፣ ጸሎቴ ሲሰማ ሆዴ ባባ።

ደርባን አብሬያቸው ሄድኩ። ባባ ዞንዲ ጊታራቸውን ታቅፈው አውቶቡሱ መስኮት ሥር ተቀመጡ። አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው «ከየት ነዎት ባባ?» ሲላቸው «ከወዲያ» አሉት። ማድላድላ ዞር ብላ አየችኝ። ባሏ ታሞ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ያነሰ ትደነግጥ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊት ዳኞቹ፤ ከዳኞቹ ጎን ደወል መቺው፣ ፊቱን አጥብቆ፤ ሲስ ፊኪሌ ማይክራፎን ይዛ። ተራቸው ሲደርስ ባባ ዞንዲ ወጡ። ጣቶቻቸው ክሮቹ ላይ ሮጡ፤ አዳራሹ «እህ!» አለ። «ውሃ ወረደ!» አሉ። «ርጥቡ ወረደ!» ብለው ሁለቱ ሴቶች ተቀበሉ። ሰው እግሩ አላስቀምጥ አለው። ቆንጆ ነበር፤ እኔም በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ ይበልጥብኝ ነበር።

ከዚያ ያ ቦታ መጣ። የማስካንዲ ሰሚ ቦታውን ያውቀዋል፤ ዘፈኑ ዝም ይላል፣ ጊታሩ ይጋልባል፣ ሰው አንገቱን ያሰግጋል፤ አሁን ማን መሆኑን ሊነግረን ነው ይላል። ባባ ዞንዲ አልተናገሩም። ከንፈራቸውን ጥርቅም አድርገው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ክሮቹን ብቻ ነኩ። ጊታሩ ኮርቻ እንደ ተጫነ ፈረስ፣ ጋላቢ ሳይኖረው ጋለበ።

«ማን ነህ አንተ?» አለ ከመካከል አንድ ጎረምሳ።

ባባ ዞንዲ ጊታሩን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«ስሙን ፈርቶታል!»

«ጊታሩ የተሰረቀ ነው እንዴ? ባለቤቱ አይታወቅም!» አዳራሹ ሳቀ።

የመጨረሻዋን ማድላድላ ሰማቻት። ሽቅብ ተመለከተች፤ መቀነቷን አጠበቀች፤ ከተቀባይ ቦታዋ ወጥታ ከባሏ ፊት ቆመች። ሴት የባሏን ጊታር ተከትላ ታወድሳለች ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እሳቸውም አላሰቡም።

«የተሰረቀ ያልከው ማነህ? ና ጆሮህን አምጣ!» አለች፤ ከዚያም ለቀቀችው። «ዞንዲ ነው! ኖንዳባ ነው! አለቃው ሬድዮ አለው፣ አሁን እየሰማህ ነው! ያ ተራራ የእሱ ነው! ድልድዩ የእሱ ነው፣ የፈረሰውም የእሱ ነው! ቀዩ በሬ ሞቷል፣ ቀንዱ ግን አሁንም ይወጋል! ፍየሏን ታውቋታላችሁ፣ ከእሱ በፊት ዘፋኝ ነበረች! እናቱ ከነምቴምቡ ወገን ናት፣ ኩሩዎቹ፣ አንገታቸው የማይታጠፈው!»

ባባ ዞንዲ ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸውን ማድላድላ ወተት እስኪገነፍል ባለ ጊዜ ጨረሰችው። ጊታሩ ሊከተላት ያለከልክ ጀመር። እሷ ግን ድንገት ቆመች።

«የማን ልጅ ነው አትሉኝም?»

«የማን ልጅ ነው?» አለ አዳራሹ።

አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው የኖረችው፣ አንድም ቀን ምላሷን ያልነካው ስም ነው። ደወል መቺው እጁን ወደ ደወሉ ሲሰድ አየሁ።

«የርጥቡ ልጅ ነው!» አለች።

«የምኑ?»

«የርጥቡ! ከጉድጓድ የሚቀዳው አይደለም! ማዶ የሌለው ርጥብ!»

«ጨው ያለበት!» አለች ማክሆዛ ከኋላዋ። «መርከብ የሚሸከመው!»

አዳራሹ ውስጥ ከየገጠሩ የመጡ ባለትዳር ሴቶች ሞልተዋል። ነገሩ ባንድ ጊዜ ገባቸው፤ በየቤታቸው እንዲህ ያለ የማይጠራ ቃል ያላቸው ናቸው። ሳቁ፤ ጭናቸውን መቱ፤ እልልታው ጣሪያውን አነሳው። «አማቷን ነው! አማቷ ነው! ፍቱላት!» እያሉ ወንዶቹን በክርን ይወጓቸው ጀመር።

«ማንዚኒ!» አለ አንዱ፤ በቋንቋችን «ውሃው ዘንድ» ማለት ነው።

«ማንዚኒ ከተማ ነው፣ ሞኝ!»

ማድላድላ ሁለት እጆቿን እንደ አሞራ ክንፍ ዘረጋች። «ሰፋ አድርጉት! ሰፋ!»

እኔ ስሙ ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል። ነገር ግን ምላሴን ነክሼ ያዝኩት። እኔ ብናገረው ያው የጎረቤት ወሬ ነው፤ የማያውቋቸው ሰዎች ሊሉት ይገባ ነበር።

ከወደ ኋላ አንድ ጎርናና ድምፅ፣ ጋቢናው ውስጥ እንደሚያስነጥስ የከባድ መኪና ሹፌር ያለ ድምፅ፣ ወጣ፦

«ማንዞልዋንድሌ!»

«እሱን ነው!» ብላ ማድላድላ ዘለለች። «እሱን ነው! እኔ አላልኩም፣ እናንተ ናችሁ ያላችሁት!»

«ማንዞልዋንድሌ!» አለ አዳራሹ። «ማንዞልዋንድሌ!» ሲስ ፊኪሌ፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ማይክራፎኑን ወደ ሕዝቡ አዙራ «ጆሃንስበርግ ያላችሁ አድማጮች አልሰማንም ይላሉ፤ ድገሙት!» አለች፤ ተደገመ። ደወል መቺው ደወሉን አንስቶ ነበር፤ ግን እሱም ስሙን እየጠራ በደወሉ ምት ሲሰጥ ነበር የዋለው። ጊዜው መቼ እንዳለቀ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ባባ ዞንዲ ግን ተሳሳቱ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያልሳተ ጣታቸው ክር ሳተ፤ አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ። ፊታቸውን ወደ ጊታሩ አቀርቅረው ነበርና ሌላው ሰው አላየም። እኔ አጥር የምጋራቸው ሴት ነኝ፤ ትከሻቸውን አይቼ ዐወቅሁ።

አሸነፉ። ይህንን ለማለት ብዬ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት፤ አሸነፉ! ዳኞቹ አልተከራከሩም፤ ቢከራከሩ ከዚያ አዳራሽ በሰላም የሚወጡ አይመስለኝም። ሲስ ፊኪሌ ሽልማቱን ስትሰጥ በደስታ ራሷን ረስታ «እስቲ ባባ፣ ለማያውቁዎት ራስዎን ያስተዋውቁ» አለች። አንዴ የወጣ ቃል አይመለስም። ከአዳራሹ የወጣነው የጽዳት ሠራተኞቹ ወንበር እየደረደሩ፣ አልፎ አልፎም መጥረጊያቸውን አስደግፈው እያጨበጨቡ ነው።

በመልሱ አውቶቡስ ላይ ከሁለቱ ኋላ ተቀምጬ ነበር። ረጅም መንገድ ከሄድን በኋላ ባባ ዞንዲ፦

«ማድላድላ፣ ተራራውን አሳጠርሽው» አሉ።

«ተራራው ባለበት አለ። ሄደህ እየው።»

«እሱስ ልክ ነሽ።» ወደ እሷ ዞሩ። «ግን ጥሩ አድርገሽ ጠራሽው።»

«ማንን? እኔ ማንንም አልጠራሁም፣ ኖንዳባ።»

«አዎ» አሉ ባባ ዞንዲ። «አንቺስ አልጠራሽም።» ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭኗ ላይ አኖሩት፤ እንዲያ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሬድዮኑ እሑድ ከሰዓት የራሳቸውን ዝግጅት ሰጥቷቸዋል። ደወል የለም። ጆሃንስበርግ ማደሪያ ውስጥ ያሉ ሰዎች ስልክ እየደወሉ የየራሳቸውን አባት ስም ያስጠራሉ፤ ባባ ዞንዲም አንዱንም አያሳጥሩም።

ባለፈው እሑድ ከእኅቴ ቤት ስመለስ ታክሲው ውስጥ ሬድዮኑ ተከፍቷል። እሳቸው ናቸው። ገና መጀመራቸው ነው። አጠገቤ የተቀመጠ የከተማ ልጅ ተቁነጠነጠ።

«ሹፌር፣ ይህን ሽማግሌ ቀይርልን እባክህ፤ ዘፈን አድርግ።»

ታክሲው ሙሉ ዞሮ አየው። ከሁሉም በፊት የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ፤ ያቺ ልብስ እያጠበች የምታማርረው፣ ያቺ ራሷን የሚያማት።

«ልጄ፣ ሰው ሲጠራ ጆሮ ይሰጣል» አልኩት። «አፍህን ያዝ።»

ታክሲ ተራው ጋ ደረስን። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ፤ ሬድዮኑን ግን አልነካውም። አንድም ሰው ዕቃውን አላነሳም። ደጅ የቆመው ረዳት ግራ ገብቶት በሩን ከፈተና፦

«እማ፣ ደርሰናል እኮ! ውረዱ እንጂ!» አለኝ።

«እሳቸው ገና አልደረሱም» አልኩና በሩን መልሼ ዘጋሁት።